ዘፈኑን ማን መረጠው? ስለ ሬዲዮ የሙዚቃ መደልደያ ሶፍትዌር ጥቂት ምክሮች

በእንዲህ ያሉ ገጾች ላይ ዘወትር የምናነበው ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ታሪክና ስለ ሀገር ጉዳይ ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ የሚመስል፣ ነገር ግን በየሳምንቱ በጆሯችን የሚገባ ጉዳይ ነው። ይኸውም በሬዲዮ የሚተላለፉ ዘፈኖችን ለመምረጥና ለመደልደል የሚያገለግለው ሶፍትዌር ነው። "ለዘፈን ምርጫ ደግሞ ምን ሶፍትዌር ያስፈልጋል? ደስ ያለኝን አንስቼ አጫውታለሁ" የሚል ወገን እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለእርሱ መልሴን ወደ መጨረሻው እሰጣለሁ። ለአሁኑ ግን አንድ ነገር ብቻ ልበል። በስደት የሚኖር ማህበረሰብ ሬዲዮ የሚያጫውተው ዘፈን፣ የማንን ትዝታ እንደምናስታውስና የማንን እንደምንረሳ ይወስናል። ይህን የመሰለ ውሳኔ በዘፈቀደ ከሚተላለፍ በሥርዓት ቢተላለፍ ይሻላል።

እኔ የሬዲዮ ባለሙያ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም። በሰሜን አሜሪካ በበጎ ፈቃደኞች የሚካሄዱ የአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅቶችን የሙዚቃ መዝገባቸውን በማደራጀት ለዓመታት አግዣለሁ። የምጽፈውም ከዚያ ካገኘሁት ልምድ ነው። እነዚህን ጣቢያዎች የሚያንቀሳቅሱት አብዛኛውን ጊዜ መምህራን፣ መሐንዲሶች፣ ነርሶችና የታክሲ አሽከርካሪዎች ናቸው። ቅዳሜና እሁዳቸውን ሰውተው ለሚሠሩት ሥራ ይህ ጽሑፍ ትንሽ ቢያግዝ ደስታዬ ነው።

ሶፍትዌሩ ምን ይሠራል?

ከኮምፒዩተር በፊት በአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈን የሚደለደለው በካርድ ነበር። እያንዳንዱ ዘፈን በአንድ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ካርዶቹ በሳጥን ይደረደራሉ። አጫዋቹ ከፊት ያለውን ካርድ አንስቶ ዘፈኑን ካጫወተ በኋላ ካርዱን ከኋላ ይሰካዋል። ተራው እስኪደርስ ድረስ ያ ዘፈን አይመለስም ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ ዛሬም ድረስ የሥራው መሠረት ይኸው ነው። በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው አርሲኤስ የተባለው ኩባንያ "ሴሌክተር" በተባለው ፕሮግራሙ የካርዱን ሳጥን ወደ ኮምፒዩተር አስገባው። ከዚያ በኋላ "ሚዩዚክ ማስተር"፣ "ፓወርጎልድ" እና ሌሎችም ተከተሉ። ገንዘብ ለሌለው የማህበረሰብ ሬዲዮ ደግሞ "ሪቨንዴል"፣ "ሊብረታይም" እና "አዙራካስት" የመሳሰሉ ነፃና ኮዳቸው ክፍት የሆኑ ፕሮግራሞች አሉ። እነዚህ ሦስቱ ከድልደላ በላይ ብዙ ነገር ይሠራሉ፣ የድልደላ ችሎታቸውም እኩል አይደለም። ለጀማሪ ግን ከበቂ በላይ ናቸው።

ስማቸው ቢለያይም አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው። አንደኛ፣ ዘፈኖች በምድብ በምድብ ይከፈላሉ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ የስርጭት ሰዓት "ክሎክ" የሚባል ንድፍ ይዘጋጃል፤ በሰዓቱ መጀመሪያ ላይ ከየትኛው ምድብ፣ ቀጥሎ ከየትኛው እንደሚመጣ የሚያሳይ ንድፍ ነው። ሦስተኛ፣ "አንድ ድምፃዊ በሁለት ሰዓት ውስጥ አይደገም" እንደሚሉት ያሉ ደንቦች ይጻፋሉ። ከዚያ ሶፍትዌሩ ሦስቱን አገናዝቦ የዕለቱን ዝርዝር ያወጣል። ሰውም ያንን ዝርዝር አይቶ ያርመዋል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ብዙ ሰዎች ሶፍትዌሩን እንደጫኑ በቀጥታ ወደ ደንብ መጻፍ ይሮጣሉ። መጀመር ያለበት ግን ከመዝገቡ ነው፤ በተለይ ከድምፃውያን ስም። የእኛ ችግር እዚህ ላይ ከሌላው ዓለም የተለየ ነው። የጥላሁን ገሠሠን ስም በላቲን ፊደል አንዱ በሁለት "ኤስ"፣ ሌላው በሦስት፣ ሌላው በአራት ይጽፈዋል። "ጥላሁን" የሚለውንም አንዱ በ"አይ" ሌላው በ"ኢ" ይጽፈዋል። እኛ ስናነበው አንድ ሰው ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን አምስት ወይም ስድስት የተለያዩ ድምፃውያን ናቸው። ስለዚህ "ድምፃዊ አይደገም" ብለው የጻፉትን ደንብ አክብሮ የጥላሁንን ሦስት ዘፈኖች በተከታታይ ቢያሰልፍ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

"ታዲያ በራሳችን ፊደል እንጻፍ" የሚል ይኖራል። መልካም ሐሳብ ነው፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ዩኒኮድ ስለገባ ዛሬ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ይቀበሉታል። ነገር ግን ችግሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። "ገሠሠ" እና "ገሰሰ"፣ "ሐመልማል" እና "ሀመልማል"፣ "ፀሐይ" እና "ጸሀይ" ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ናቸው። በዚህ ላይ የመድረክ ስም ይጨመራል። ቴዲ አፍሮና ቴዎድሮስ ካሳሁን አንድ ሰው መሆናቸውን ማን ይንገረው? የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ "አህመድ፣ ማህሙድ" ብሎ የሚገለብጠውስ?

መፍትሔው አሰልቺ ግን ቀላል ነው። አንድ የጸደቀ የስም ዝርዝር ያዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ድምፃዊ አንድ አጻጻፍና አንድ መለያ ቁጥር ይስጡ። አዲስ ዘፈን የሚያስገባ ሰው ስሙን እየጻፈ ሳይሆን ከዝርዝሩ እየመረጠ ያስገባ። ሶፍትዌሩ ለአንድ ዘፈን ከአንድ በላይ የድምፃዊ መለያ የሚቀበል ከሆነ ቅብብሎሽ ዘፈኖችን በሁለቱም ስም ይመዝግቡ፤ ባንዱንም እንዲሁ። አይቤክስ፣ ሮሃ፣ ዋልያስና ዳህላክ ባንዶች ያጀቧቸው ዘፈኖች ድምፃዊው ቢለያይም ድምፃቸው ሊቀራረብ ይችላልና፣ የባንዱ ስም በመዝገቡ ካለ ደረጃ በደረጃ ማራራቅ ይቻላል።

የዘፈን ርዕስም የራሱ ጣጣ አለው። "ትዝታ" በማህሙድ አህመድ አለ፣ በበዛወርቅ አስፋው አለ፣ በጌታቸው ካሳ አለ። "ርዕስ አይደገም" የሚለው ደንብ እነዚህን እንደ አንድ ዘፈን ይቆጥራቸዋል። ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? በእኔ አስተያየት በአንድ ዝግጅት ውስጥ ሁለት "ትዝታ" መምጣት የለበትምና ደንቡ ሳያውቅ ትክክል ሠርቷል። ከዚያ ይልቅ አንድ ተጨማሪ መለያ ልጠቁም። ለእያንዳንዱ ዘፈን ቅኝቱን፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ መሆኑን ይመዝግቡ። የአሜሪካኖቹ ሶፍትዌር ቅኝት አያውቅም፤ ነገር ግን ባዶ የተተወ የመለያ ሳጥን አለው። በዚያ ላይ ቅኝቱን ጽፎ "አንድ ቅኝት ከሁለት ጊዜ በላይ አይከታተል" ማለት ይቻላል። አድማጩ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው ዝግጅቱ አይሰለቸውም።

ትንሽ ሒሳብ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቀኑን ሙሉ በኢንተርኔት የሚያሰራጭ ጣቢያ አለን እንበል። አንዱ ምድብ 24 ዘፈኖች አሉት፤ ከዚህ ምድብ በየሰዓቱ 3 ዘፈን ይወጣል። 24 ለ3 ሲካፈል 8 ነው። ስለዚህ ምድቡ በየ8 ሰዓቱ አንድ ዙር ይጨርሳል። ቀኑ ደግሞ የ8 ሦስት እጥፍ ነው። ውጤቱስ? በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተሰማ ዘፈን ከቀኑ 9 ሰዓት ይመለሳል፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ይመለሳል፣ በማግስቱም እንደገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይመለሳል። መኪናውን አስነስቶ ወደ ሥራ የሚሄደው አድማጭ በየቀኑ ያንኑ ዘፈን ይሰማል። ከዚያም "እነዚህ ሰዎች ሌላ ዘፈን የላቸውም እንዴ?" ይላል። ዘፈኖቹ ግን 24 ናቸው!

መድኃኒቱ አንዲት ዘፈን መጨመር ነው። 25 ሲሆን አንዱ ዙር 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተሰማው ዘፈን ከቀኑ 9፡20፣ ከሌሊቱ 5፡40፣ በማግስቱ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይመጣል፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት እየገፋ ይሄዳል። አንድ ቀንሶ 23 ማድረግም ይቻላል፤ ያን ጊዜ በየቀኑ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመጣል። ባጭሩ የምድቡን ብዛት ለሰዓቱ ድርሻ ሲያካፍሉ የሚገኘው ውጤት 24ን እኩል የሚያካፍል ቁጥር መሆን የለበትም።

በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ የሚተላለፍ ዝግጅት ከሆነ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። ሶፍትዌሩ ሲገዛ ይዞት የሚመጣው የዕረፍት ጊዜ በሰዓታት የተሰፈረ ነው። "ድምፃዊ ለ90 ደቂቃ አይደገም" የሚል ደንብ፣ የሚቀጥለው ዝግጅት ከ7 ቀን በኋላ ለሆነ ሬዲዮ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ዕረፍቱን በቀን ይስፈሩት። ለድምፃዊ 8 ቀን ቢያደርጉ ያ ድምፃዊ በሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም። ለዘፈን 8 ሳምንት ቢያደርጉ ደግሞ አንድ ዘፈን ሁለት ወር ያርፋል። በአንድ ዝግጅት 10 ዘፈን ቢተላለፍ በዓመት የሚያስፈልገው 520 ነው። አንድ ሺህ ዘፈን በመዝገቡ ያለው ጣቢያ ዓመቱን ሙሉ አንድም ሳይደግም ሊዘልቅ ይችላል። አዘጋጁ ከጭንቅላቱ ሲመርጥ ግን የሚመላለሱት እጁ የለመዳቸው አርባና ሃምሳ ዘፈኖች ናቸው።

የሰዓቱን ንድፍ በተመለከተም አንድ ቃል። የአሜሪካ የንግድ ጣቢያዎች ናሙና ሦስትና አራት ደቂቃ ለሚፈጁ ዘፈኖች የተሠራ ነው። የእኛ ዘፈኖች ብዙዎቹ አምስትና ስድስት ደቂቃ ይሄዳሉ። ናሙናውን እንዳለ ከወሰዱ ዝርዝሩ ሞልቶ ይፈስና የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ሁልጊዜ ይቆረጣሉ። በመጀመሪያ የራስዎን መዝገብ አማካይ ርዝመት ያስሉ፣ ከዚያ ንድፉን ይሥሩ። ከካሴት የተገለበጡ ዘፈኖች ፊትና ኋላ ያለውን ዝምታም ይቁረጡ።

ደንብ ሲበዛ

ደንብ መጻፍ ይጥማል። ዛሬ ስለ ቅኝት፣ ነገ ስለ ምት፣ ከነገ ወዲያ ስለ ዘመን እየጻፉ ሄደው አንድ ቀን ጠዋት ዝርዝሩን ሲከፍቱት ግማሹ ባዶ ሆኖ ያገኙታል። ሶፍትዌሩ ሁሉንም ደንብ የሚያሟላ ዘፈን አጥቶ ትቶታል ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው! የእኔ ምክር በሁለት ወይም በሦስት ፈጽሞ በማይጣሱ ደንቦች መጀመር ነው፤ የድምፃዊ ዕረፍት፣ የዘፈን ዕረፍትና ሕግ የሚያስገድደው። የቀሩትን "ቢቻል" በሚለው ደረጃ ያስገቡ። በየሳምንቱ አንድ እየጨመሩ ባዶ ቦታ መኖር አለመኖሩን ይዩ።

ሕግ ካነሳሁ ዘንድ፣ በአሜሪካ በኢንተርኔት የሚያሰራጩ ወገኖች ማወቅ የሚገባቸው ነገር አለ። በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ፣ በሕግ በተደነገገው አጠቃላይ ፈቃድ የሚሠራ ጣቢያ በማናቸውም 3 ሰዓት ውስጥ የአንድ ድምፃዊን ከ4 በላይ ዘፈን እንዳያጫውት፣ ከእነዚህም ከ3 በላይ እንዳያከታትል ያዛል። ከአንድ አልበም ደግሞ ከ3 በላይ አይፈቀድም፣ በተከታታይ ከ2 በላይም አይቻልም። የሚመጡትን ዘፈኖች ዝርዝር አስቀድሞ ማውጣትም ክልክል ነው። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ የማንኛችንም ልብ ቀኑን ሙሉ እርሱን መስማት ነበር የሚሻው። ለእንዲህ ያለ ቀን በደንቡ ውስጥ የሚያልፍ ንድፍ ቀድሞ ቢዘጋጅ መልካም ነው፤ በየሦስት ሰዓቱ አራት የእርሱ ዘፈን፣ በመካከሉ የዘመን ባልደረቦቹ። ዝርዝሩን ግን ከሕግ ባለሙያ ጋር መማከር አይከፋም።

ሰዓትና ዘመን

ሶፍትዌሩ "የጠዋት ዘፈን"፣ "የምሽት ዘፈን" ብሎ መከልከልና መፍቀድ ይችላል። የማን ጠዋት? በበጋ ወራት ዋሽንግተን ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 8፣ ዱባይ ከቀኑ 9፣ ስቶክሆልም ከቀኑ 7፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። አሜሪካና አውሮፓ ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በተለያየ ሳምንት ነው፤ ኢትዮጵያና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ጭራሽ አይቀይሩም። ስለዚህ በመጀመሪያ አድማጭዎ የት እንዳለ ይወቁ፣ ከዚያ የጠዋትና የማታ ክልከላውን ይጻፉ። አድማጩ በአራት አህጉር ከተበተነ ክልከላውን መተው ይሻላል።

የበዓል ዘፈኖችም እንዲሁ። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ነው። እንቁጣጣሽን ሴፕቴምበር 11 ብሎ አስሮ የተወ ሰው፣ በ2023 በዓሉ ሴፕቴምበር 12 ላይ ሲውል አንድ ቀን ይቀድማል። ጥምቀትም አንዳንዴ ጃንዋሪ 20 ይውላል። ፋሲካ ይዋልላል፤ በ2025 ከምዕራባውያኑ ጋር በአንድ ቀን ሲውል በ2024 ግን ከአንድ ወር በላይ ተራርቋል። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት ይመጣል። ስለዚህ የበዓላት ምድብን መክፈቻና መዝጊያ ቀን በየዓመቱ በእጅ ይሙሉ። መንዙማውንም መዝሙሩንም አዘጋጁ እንደ ትዝ አለው ሳይሆን ቀኑ እንደ ጠየቀ እንዲያቀርብ ይረዳዋል።

ዋናው ጉዳይ

አሁን ከሁሉ ወደ ከበደው ልምጣ። ብዙ ጣቢያዎች በስማቸው "የኢትዮጵያ" የሚል ቃል አለ። አድማጮቻቸው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራግኛ፣ ወላይትኛ፣ ሲዳምኛና ሌላም ይናገራሉ። ቅሬታውም የታወቀ ነው፤ "የእኛን ቋንቋ ዘፈን አታጫውቱም"። አዘጋጁ "እናጫውታለን" ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት፣ ሁለቱም የቆጠሩት ነገር ግን የለም። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጣቢያ እንዲህ ያለ ክርክር ሲበረታ የስድስት ወሩን የስርጭት ታሪክ ከሶፍትዌሩ አወጣን። ቅሬታው በከፊል እውነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በላይ ያስደነቀን ግን ማንም ያላነሳው ነገር ነበር። ሴት ድምፃውያን ከጥቂቶቹ ዝነኞች በቀር እምብዛም የሉም፣ ያሉትም በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ነው የሚመጡት። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርክሩ ከሐሜት ወደ ቁጥር ተሸጋገረ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ምክር አለኝ። ቋንቋን ምድብ አያድርጉት፤ መለያ ያድርጉት። ቋንቋ ምድብ ከሆነ በሰዓቱ ንድፍ ላይ "የኦሮምኛ ቦታ"፣ "የትግርኛ ቦታ" የሚባል ቋሚ ጥግ ይፈጠራል፣ ሌላው ስርጭት ሁሉ የአማርኛ ይሆናል። ይህ እንግዳን በክብር አስቀምጦ ወደ ውስጥ እንዳያልፍ መከልከል ነው። ቋንቋ መለያ ከሆነ ግን የኦሮምኛው ዘፈን በፍቅር ዘፈንነቱ፣ የትግርኛው በሠርግ ዘፈንነቱ፣ የጉራግኛው በጭፈራነቱ ከሌላው እኩል ይሰለፋል፤ ደንቡ ደግሞ አንድ ቋንቋ ከልክ በላይ እንዳይከታተል ይጠብቃል። ልዩነቱ በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ሳጥን ብቻ ነው። በአድማጩ ልብ ውስጥ ግን ሰፊ ነው።

ሶፍትዌሩ የማያውቀው ነገርም አለ። የሐዘን ማስታወቂያ ከተነበበ በኋላ ጭፈራ ማስከተል ነውር መሆኑን አያውቅም። ለዚህ ከማስታወቂያው ቀጥሎ ቋሚ ቦታ አዘጋጅተው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ፣ የዋሽንት ወይም የክራር፣ ያስገቡ። ቀረርቶና ፉከራም እንዲሁ ነው። በሰላም ጊዜ ቅርስ የሆነው ፉከራ፣ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት እንዳየነው፣ ለአንዱ አድማጭ ኩራት ለሌላው የወንድሙ መርዶ ሊሆን ይችላል። እነዚህን "በእጅ ብቻ" በሚል ምድብ ያስቀምጡ፤ ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዳያነሳቸው፣ የሚያነሳቸውም ሰው ኃላፊነቱን ወስዶ ያንሳቸው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። "ደስ ያለኝን አንስቼ አጫውታለሁ" ለሚለው ወገኔ መልሴ ይህ ነው። የእርስዎ ደስታ መልካም ነው፤ ነገር ግን አየሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ሶፍትዌሩ የእርስዎን ጆሮ አይተካም፤ ጆሮዎ የለመደውን ብቻ እንዳይሰማ ያስታውስዎታል። ከላይ ልብ ይበሉልኝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ማሽኑ ዝርዝሩን ያወጣል፣ ሰው አይቶ ያርመዋል። ዝርዝሩን ሳያርም የሚያጫውት ሰነፍ ነው፤ ሳይቆጥር የሚያጫውት ደግሞ አድልዎውን አያውቀውም። እናም የጣቢያችሁ አዘጋጆች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ የስድስት ወሩን ዝርዝር አውጥታችሁ በጋራ ተመልከቱት። የምታዩት ነገር ከብዙ ክርክር ይገላግላችኋል።

ቸር ይግጠመን!